ሮማንቲክ ኮሜዲ ስትጽፉ የለመድነውን ታሪክ እንዴት አዲስ ታደርጉታላችሁ

ሀዋሳ ላይ የፍቅር ኮሜዲ ለመቅረጽ ያሰባችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ ተጣልተው በኋላ የሚዋደዱ ጥንዶች ሰለቹን ብላችሁ አትሽሹ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት በሚባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ እኮ የሀብታም ልጅና ጋዜጠኛው መንገድ ላይ ሲነታረኩ ነው የተዋደዱት፣ እስካሁንም ይሰራል። መቀየር ያለበት የሚጣሉበት ምክንያት ነው። ለምሳሌ ሀይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ጋ፣ እሷ አሳ ጥብስ ትሸጣለች፣ እሱ ባጃጁን ደጇ ላይ ገትሮ ደንበኛ ዘግቶባታል፣ ጠቡ የእንጀራ ስለሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው ሳቁም ከዛ ይመጣል። ሀብታም ነኝ ብሎ የሚዋሸውን ልጅ ግን በቃ ተዉት (የኛ ሰው ገና ፖስተሩን ሲያይ ያውቀዋል)። መጨረሻ ላይ ኤርፖርት ድረስ የሚሮጡትን ደግሞ ገልብጡት፣ እሷ መናኸሪያ ቁጭ ብላለች ሚኒባሱ አልሞላም፣ እሱ እያለከለከ ሲደርስ ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው!" ብሎ ጎትቶ ያስገባዋል።