ፓርኪንሰን ያለበት ጓደኛችሁ እግሩ አልነሳ ሲለው

ፓርኪንሰን፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያውከው የአንጎል በሽታ፣ ያለበት ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ደህና እየሄደ በር ጋ ወይ ጠባብ ቦታ ላይ ወይ ደሞ ሊዞር ሲል እግሩ ድርቅ ይላል፣ መሬቱ ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። አብዛኛው ሰው ያኔ እጁን ይዞ "አይዞህ ና በቃ" እያለ ይጎትተዋል። መጎተቱን ተዉት፣ ላይኛው ሰውነቱ ወደፊት ሲሄድ እግሩ ስለማይከተል በፊቱ ሊደፋ ይችላል።

ይልቅ ቆም በሉና ፋታ ስጡት፣ ከዛ የራሳችሁን እግር ከፊቱ አግድም አስቀምጡና "እግሬን ተሻገራት" በሉት፣ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይራመዳል። ካልሆነ አንድ ሁለት አንድ ሁለት እያላችሁ ቁጠሩለት። ቤት ውስጥ ሁሌ የሚይዘው ቦታ ካለ ደመቅ ያለ ቀለም ያለው ፕላስተር ወለሉ ላይ አግድም አግድም መለጠፍ ነው።

የሚሰራው ለምን መሰላችሁ፣ በሽታው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ስለሚያሳንስ ሳናስብ በልማድ የምንራመድበትን ነገር ነው በዋናነት የሚጎዳው፣ የሚታይ ነገር አይቶ አስቦ መሻገር ግን አንጎል ውስጥ በሌላ መንገድ ያልፋል። ለዛ ነው አንዳንዱ ደረጃ እየወጣ ሜዳ ላይ የሚቸገረው፣ እያስመሰለ አይደለም፣ በናታችሁ እንደዛ አትበሉት።

ብቻ ሚዛኑ በጣም የማይጠብቅ ወይ ዓይኑ የደከመ ከሆነ እግር አታስቀምጡበት ይደናቀፋል፣ ቆጠራው ይበቃዋል። መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓት ሲቃረብ የሚብስበት ከሆነ ደሞ ሰዓቱን መዝግቡለትና ለሐኪሙ ይንገር።