አኳሪየሙ አረንጓዴ ሲሆን፣ ቀንድ አውጣ ሲፈላበት፦ ችግርና መፍትሄ

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲከፈት ስልኬ ይጨናነቃል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ክረምቱን ሙሉ ኩልል ብሎ የከረመው የዓሣ ገንዳዬ ውሃ ምን ነክቶት ነው ጎመን ወጥ የመሰለው?»

ማጣሪያው ይሠራል ወይ፣ ማሞቂያው ተሰክቷል ወይ የሚለውን ራሳችሁ አይታችኋል ብዬ አልፈዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ጎንደር ውስጥ በየቤቱና በየካፌው ደጋግሜ ስላየኋቸው፣ አንዴ ከገቡ ገንዳውን ስለሚወርሱ ነገሮች ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ ጥፋቱን ውሃው ላይ ያላክካል። ውሃው ምንም አላደረገም። ጥፋቱ ያለው ከመስኮቱና ከምግቡ ዘንድ ነው።

ቡናማ አቧራ (አዲስ ገንዳ)

ገንዳው ከተሞላ ገና ሳምንታት ሆኖት መስታወቱና ጠጠሩ ቡናማ አቧራ ከለበሰ ዳያተም የሚባለው ደቃቅ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል እጽዋት መሰል ነገር) ነው። በስፖንጅ ጥረጉት። ገንዳው ሲረጋጋ በራሱ ይጠፋል። መድኃኒት አትግዙለት።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሲሆን

ከሁሉ በላይ የማየው ይሄን ነው፤ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ምልክቱ፦ ውሃው ከቀን ወደ ቀን ይደፈርሳል። በመጨረሻ የኋላው መስታወት አይታይም፤ ዓሣዎቹ ከፊት ካልመጡ መኖራቸውም አይታወቅም። መስታወቱን በጣት ስትጠርጉት ምንም አይለቅም። በብርጭቆ ቅዱና ነጭ ወረቀት ፊት ያዙት። አረንጓዴ ከሆነ አልጌ ነው። ነጭ ደመና ከሆነ የባክቴሪያ ጉዳይ ነው፤ እሱ አዲስ ገንዳ ላይ ወይም ማጣሪያው ከመጠን በላይ ሲታጠብ ይመጣል። ቡኒ ከሆነ ደግሞ ከቧንቧ የመጣ ደለል ወይም ውስጥ ካስገባችሁት እንጨት የወጣ ቀለም ነው።

ምክንያቱ፦ ይሄ አልጌ በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ነው። እየተከፈለ ይባዛል። የሚፈልገው ብርሃንና ከዓሣ ኩስ፣ ከተራረፈ ምግብ የሚወጣውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ሁለቱንም የምንሰጠው እኛ ነን።

ብርሃኑን እንይ። በክረምት ደመናው ይከልላል። ከመስከረም በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ ፀሐይዋም ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እስከ ታኅሣሥ ድረስ በደቡብ መስኮት ወደ ውስጥ ዘልቃ ትገባለች። ሐምሌ ላይ «እዚህ ጋ ጥላ ነው» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ገንዳ ጥቅምት ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ባለቤቱ ሥራ ስለሚውል አያይም። ስለዚህ በአንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ከዚያም 10 ሰዓት ላይ ገንዳው ፊት እጃችሁን ዘርጉ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጥርት ብሎ መስታወቱ ላይ ካረፈ ችግራችሁን አግኝታችኋል።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ አለ፤ ባለቤቱ ትጉህ ሰው ናቸው። ገንዳው መንገድ በሚያሳየው ትልቁ መስታወት ሥር ነበር። ውሃው አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ሁሉንም ያስደፉታል፣ ጠጠሩን በዱቄት ሳሙና ያሳጥቡታል፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ነጭ እስኪሆን ያስጨምቁታል። ሳምንት ሳይሞላው ውሃው ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ዓሣዎቹም በየተራ ይሞታሉ። «ጋሼ፣ ስፖንጁን አይጠቡት» ስላቸው በጣም ተቆጡ፤ በቆሻሻ ኑሩ የምላቸው መሰላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓሣ ኩስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። እሱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ስፖንጁ ላይ ነው። ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ስታጥቡት እነሱን ትገድላላችሁ። አሞኒያው ይጠራቀማል፤ ዓሣውን ይገድላል፣ አልጌውን ይቀልባል። አልጌው ደግሞ ቱቦ ውስጥና ጠጠር መሃል ጥቂት ከተረፈው ይበቃዋል። የካፌው ችግር የተፈታው ገንዳው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሲዛወርና ሳሙናው ሲቀር ነው። ሳሙና ገንዳ ውስጥ በፍጹም፣ በፍጹም አታስገቡ።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማራኪ አንድ ቤት ገንዳው ፀሐይ አያገኝም፣ መብራቱም በሰዓቱ ይጠፋል፤ ውሃው ግን አረንጓዴ ነው። ጠጠሩን በሲፎን (ውሃና ቆሻሻ በሚስብ ቱቦ) ስስበው የዳቦ ፍርፋሪ ወጣ።

«እማማ፣ ማነው የሚያበላቸው?»

«እኔ ነኛ ልጄ። ስቀርብ ተግተልትለው ይመጣሉ። ባይርባቸው ይመጣሉ?»

ይመጣሉ፤ ዓሣ ያበላውን ሰው ለይቶ ያውቃል፣ ጠግቦም ይመጣል። እዚያ ቤት ጠዋት ልጆቹ፣ ቀን እማማ፣ ማታ አባትየው ያበሉ ነበር። አንዱ የሌላውን አያውቅም። መፍትሄው ቀላል ነበር። የቀኑ ድርሻ በትንሽ የክኒን ዕቃ ይሰፈራል። ዕቃው ባዶ ከሆነ ተበልቷል ማለት ነው፤ ማንም አይጨምርም። ዳቦና እንጀራ ቀረ። እማማም እንዳይከፋቸው የጠዋቱን ማብላት ለእሳቸው ብቻ ተውንላቸው። መለኪያው ይሄ ነው፦ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ።

መፍትሄው በቅደም ተከተል፦

መጀመሪያ ፀሐዩን ዝጉ፤ ገንዳውን አዛውሩ ወይም ወፍራም መጋረጃ አድርጉ። ገንዳ ከማንሳታችሁ በፊት ውሃውን አብዛኛውን ቅዱለት፤ 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው፣ መጋጠሚያው ይለቃል።

ቀጥሎ ከውሃው ሲሶውን ቀይሩ። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ቤት የተጠራቀመ ውሃ አለ። ግን ክዳኑ የተዘጋ ሮቶና ጀሪካን ክሎሪኑን ይዞ ይቆያል። በባልዲ ቀድታችሁ አፉን ከፍታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፤ ያደረውን ውሃ እንደወረደ አትጨምሩት፣ ከገንዳው ሙቀት ጋር አስተካክሉት።

ከዚያ ጨለማ። ማታ መብራቱን አጥፉና ገንዳውን ዙሪያውን በጥቁር ላስቲክ፣ ከላዩ በቡልኮ ሸፍኑት። ጋቢ አይበቃም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከላይ አየር የሚገባበት ቦታ ተዉ። እንዲህ ሆኖ 3 ወይም 4 ቀን ይቆይ። ምግብ የለም። ጤነኛ ያደገ ዓሣ 4 ቀን ሳይበላ ምንም አይሆንም። እየገለጣችሁ አትዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአየር ፓምፑ ለሰከንድ እንዳይቆም። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እኩል ሙቀት ያለው ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የፈረንጅ መመሪያ «ፓምፕ ባይኖርም ችግር የለውም» ካለ ለኛ ከተማ አይሠራም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ አረንጓዴ ውሃ ባለበት ገንዳ ሌሊት መብራት ከሄደ ማለዳ ላይ ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ታገኛላችሁ። አልጌው በጨለማ እሱም ኦክስጅን ይተነፍሳል። መብራቱን አትጠብቁ። በጣሳ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ ዓሣዎቹ ወደ ታች እስኪወርዱ ድረስ። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ካገኛችሁ ግዙ።

ሽፋኑ ሲነሳ ከውሃው እስከ ግማሽ ቀይሩ፤ ስፖንጁን በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ እሹት። ከዚያ በኋላ የገንዳው መብራት በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃል። ማብሪያ ማጥፊያውን ለሰው ትዝታ አትተዉት፤ ታይመር አድርጉለት።

ገንዘባችሁን የሚበሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ዩቪ» (አልጌ የሚገድል አልትራቫዮሌት ጨረር) ተብሎ የሚሸጥ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው። እውነተኛው ዩቪ ውሃውን በዝግ ቱቦ ውስጥ ያሳልፋል፣ ጨረሩም 254 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ እሱ አረንጓዴ ውሃን በደንብ ያጠራል። ሰማያዊው አምፖል ግን ማስጌጫ ነው። ይሄንን እያወቀ በዩቪ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል። እውነተኛውን ካገኛችሁ ደግሞ ሲበራ አትዩት፤ ዓይን ያቃጥላል። ሁለተኛው «ገንዳ አጽጂ» የተባለው ፕሌኮ የሚባል ዓሣ ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ አልጌ አይበላም፤ ብዙ የሚሸጠው ዓይነት ከ30 ሴንቲ በላይ ያድጋል፣ ኩሱም ብዙ ነው። ሦስተኛው በአንድ ሌሊት ያጠራል የሚባለው ጠብታ ነው። አልጌውን ባንዴ ሲገድለው ኦክስጅኑ ባንዴ ይወድቃል። መዳብ ካለበት ሽሪምፕ ያላችሁ ሰዎች አትንኩት።

እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ማሞቂያውንም ፓምፑንም ንቀሉ። ርካሽ ማሞቂያ መስታወቱ ተሰንጥቆ ሲሠራ አይቻለሁ።

ፀጉር የመሰለ አልጌ

ቅጠልና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን በጥርስ ብሩሽ ጠምዝዛችሁ ንቀሉት። ለቀረው 3 በመቶ ሀይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከፋርማሲ ግዙ። ማጣሪያውን አጥፉ፣ በስሪንጅ ቦታው ላይ ብቻ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማጣሪያውን አብሩ። ለ40 ሊትር ከ10 ሚሊ አትለፉ።

ሰማያዊ አረንጓዴ ዝልግልግ ሽፋን

ሲነሳ ባንዴ ተላጦ ይመጣል፣ ይሸታል። አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። በሲፎን ሳቡት፣ የተኛውን ውሃ አንቀሳቅሱ። አንቲባዮቲክ አትሞጅሩበት፤ የማጣሪያውንም ባክቴሪያ ይጎዳል።

ዳክዊድ

ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ተክል ነው፤ ከሌላ ተክል ጋር በአንድ ቅጠል ይገባል። ሲመቸው በሁለት ሦስት ቀን እጥፍ ይሆናል፤ ውሃውን ሲከድነው ሥር ያሉት ተክሎች ብርሃን ያጣሉ። በማጥለያ በየቀኑ ልቀሙት፣ የማጣሪያውን መውጫ ወደ ላይኛው ገጽ አዙሩ፤ የሚናወጥ ውሃ አይወድም። ጎልድፊሽ ካላችሁ ይበሉታል። የተለቀመው ደርቆ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። ቦይ ወይም ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት። በጣና ላይ እምቦጭ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንድ የውሃ አረም ሐይቅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰፈር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ቀንድ አውጣ ሲፈላ

ከተክል ጋር የሚገባው እንቁላሉ ነው፤ ቅጠል ሥር የተጣበቀ ብርሃን የሚያሳልፍ ዝልግልግ ጠብታ። በጥፍር ይነሳል። የሚፈላው ግን ምግብ ስለተረፈ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ የተቀቀለ የሰላጣ ቅጠል ወይም ቁራጭ ዱባ ጣሉ፤ ጠዋት ከነቀንድ አውጣው አውጡ። ምግቡን ሳትቀንሱ ይሄን ብቻ ብታደርጉ ለዘላለም ስትለቅሙ ትኖራላችሁ። በመድኃኒት ባንዴ አትግደሏቸው፤ መቶ ቀንድ አውጣ ባንዴ ሲበሰብስ ዓሣውም አብሮ ይሄዳል።

አሁን የምለውን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ተክል ወይም ቀንድ አውጣ ከቀሃ፣ ከአንገረብ ወይም ከጎርጎራ ዳርቻ አታምጡ። በአካባቢያችን የአንጀት ብልሃርዚያ (በትል የሚመጣ በሽታ) አለ፤ ትሉ የሚያድገው ባዮምፋላሪያ በሚባል የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ ባልቆሰለ ቆዳ ይገባል። ልጆች እጃቸውን የሚነክሩበት ገንዳ ነው። ለዓመታት ገንዳ ውስጥ እየተራባ የኖረው ቀንድ አውጣ ይሄ ስጋት የለበትም፤ ትሉ የሚደርሰው የሰው ሰገራ በገባበት ውሃ ነውና። አስቀድማችሁ ከወንዝ አምጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ በጓንት አውጡት፣ ልጆችንም ከገንዳው አርቁ። ውሃው ውስጥ እጁን የነከረ ካለም ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።