የሰርቨር ባክአፕ በአርሲንክ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በገላን በኩል የሚገኝ የአንድ መጋዘን ሰርቨር በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው። የዕቃና የሒሳብ መዝገቡ በየሌሊቱ በአርሲንክ፣ ማለትም ፋይሎችን ከቦታ ወደ ቦታ በሚገለብጥ ፕሮግራም ይገለበጣል፤ አንዱ ቅጂ ከሰርቨሩ ጎን ወዳለው ተሰኪ ዲስክ፣ ሌላው በኢንተርኔት መሀል ከተማ ወዳለው ሰርቨር ይሄዳል። አርሲንክ ሥራውን ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር አለው፤ ችግር ሲኖር መጀመሪያ መታየት ያለበት እርሱ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው ግን ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ስህተት የለም እያለ፣ ቅጂው በቦታው የማይገኝበትን ሁኔታ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ።

ሎጉ ተሳክቷል ይላል፤ የሰርቨሩ ዋና ዲስክ ግን ይሞላል

ይህ የገጠመኝ ሌሊት መብራት ሄዶ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ነው። የተሰኪው ዲስክ ሰማያዊ ጠቋሚ አልበራም ነበር፤ አዳፕተሩ ከዩፒኤሱ ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ተሰክቶ ስለነበር መብራቱ ሲመጣ ተቃጥሏል። የዩፒኤሱ ባትሪ አልቆ የጠፋው ሰርቨር እንደገና ሲነሣ፣ የሚያያዙትን ዲስኮች በሚዘረዝረው የኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ «ኖፌይል» (ዲስኩ ባይገኝም ቀጥል) ተብሎ ስለተጻፈ ዲስኩን ሳይጠብቅ ሥራውን ቀጠለ። ዲስኩ ማውንት የሚደረግበት (ከሰርቨሩ ጋር የሚያያዝበት) ፎልደር ግን ባዶውን በቦታው ስላለ፣ አርሲንክ ሦስት ሌሊት ሙሉ መዝገቡን ወደዚያ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ገለበጠ።

አዳፕተሩ ተቀይሮ ዲስኩ ሲመለስ ደግሞ የተገለበጡት ፋይሎች ከሥሩ ተሸፍነው ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ የዲስኩን ጠቅላላ ይዞታ የሚያሳየው የ«ዲኤፍ» ትእዛዝ ዋናው ዲስክ ሞልቷል ሲል፣ የፋይሎችን መጠን የሚደምረው «ዲዩ» ግን የሞላውን ነገር ሊያገኘው አይችልም፤ የሁለቱ አለመስማማት ዋነኛው ምልክት ነው። መፍትሔው የሌሊቱን ሥራ አቁሞ ዲስኩን አንማውንት ማድረግ፣ ከሥሩ የተገኘውን ከዋናው መዝገብ ጋር አመሳክሮ መሰረዝ፣ ከዚያም ዲስኩን መመለስ ነው። እንዳይደገም የሌሊቱን ሥራ የሚያስኬደው ስክሪፕት አርሲንክን ከማስነሣቱ በፊት በ«ማውንትፖይንት» ትእዛዝ ዲስኩ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ከሌለ ይቁምና መልእክት ይላክ። ባዶውን ፎልደር ዲስኩ ባልተያያዘበት ጊዜ በ«ቻተር» መቆለፍም እመክራለሁ፤ ምንም ነገር እንዳይጻፍበት ያደርጋል።

መሀል ከተማ ያለው ቅጂ በአንድ ሌሊት ባዶ ይሆናል

ይህ የመጀመሪያው ችግር ተቃራኒ ሲሆን ጉዳቱ የከፋ ነው። ማውንት ያልተደረገው የምንጩ ዲስክ ከሆነና በምንጩ የሌለውን ከመድረሻው የሚሰርዘው «ዲሊት» የሚለው አማራጭ ካለ፣ አርሲንክ ባዶ ፎልደር አይቶ መድረሻውንም ባዶ ያደርገዋል። ማንበብ ሲያቅተው መሰረዙን የሚያቆም ጥንቃቄ በራሱ አለው፤ ባዶ ፎልደር ግን ለእርሱ ስህተት አይደለም። ስለዚህ የሚሰረዘውን ብዛት በ«ማክስ-ዲሊት» መገደብ፣ የሚሰረዘውንም በ«ባክአፕ-ዲር» ወደ ሌላ ፎልደር እንዲዛወር ማድረግ ያስፈልጋል።

ባክአፑ ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ይነሣል

ሠራተኛው ኮምፒውተር እንደከፈተ ኢንተርኔቱ የሚጨናነቅ ከሆነ ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት በሚያስነሣው ክሮን ውስጥ የተጻፈውን ሰዓት ይመልከቱ። ክሮን የሚከተለው የፈረንጆቹን ሰዓት ስለሆነ፣ ሌሊት 8 ሰዓትን አስቦ 8 የጻፈ ሰው ሥራውን ጠዋት 2 ሰዓት አድርጎታል፤ መጻፍ የነበረበት 2 ነው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ከተሞላ ደግሞ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ ያው የተጻፈው 2 በእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ይሆናል። የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ መቀየርና ክሮንን እንደገና ማስነሣት ይበቃል።

ዝውውሩ መሀል ላይ ይቆማል

ኔትወርክ ሲቋረጥ አርሲንክ ገደብ ካልተሰጠው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሊጠብቅ ይችላል፤ በማግሥቱ ሌሊት ሁለተኛው ሲነሣ ሁለቱ ይጋጫሉ። በ«ታይምአውት» 300 ሴኮንድ ይስጡት፣ ያኔ በቁጥር 30 ያቆማል፤ «ፓርሻል» ሲጨመርበት በግማሽ የደረሰ ትልቅ ፋይል ስለማይጣል ቀጣዩ ሙከራ ይጠቀምበታል። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዳይነሣ «ኤፍሎክ» ይከላከላል።

አርሲንክ ከሚመልሳቸው ሌሎች ቁጥሮች ውስጥ ቁጥር 23 አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ጉድለት ነው። ቁጥር 24 ሲገለበጥ ሳለ የጠፋ ፋይል መኖሩን ይነግራል፤ ጊዜያዊ ፋይል ከሆነ አያሳስብም። ፋት በሚባለው የፋይል አቀማመጥ በተፎረመተ ዲስክ ላይ ሁሉም ፋይል በየሌሊቱ እንደ አዲስ የሚገለበጥ ከሆነ፣ ዲስኩ ሰዓትን በ2 ሴኮንድ ልዩነት ስለሚመዘግብ የ1 ሴኮንድ ልዩነትን እንዲያልፍ «ሞዲፋይ-ዊንዶው» 1 ይደረግ።

ፋይሎቹ ሁሉ አሉ፤ ዳታቤዙ ግን አይከፈትም

በሥራ ላይ ያለ የማይሲኩዌል (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ፋይል በቀጥታ ሲገለበጥ ግማሹ የቀድሞ፣ ግማሹ የአሁን ሆኖ ይቀመጣል። የዳታቤዙ የማከማቻ ዓይነት ኢኖዲቢ ከሆነ መጀመሪያ ዳታቤዙን ወደ ፋይል በሚያወጣው በ«ማይሲኩዌልደምፕ»፣ «ሲንግል-ትራንዛክሽን» ከሚለው አማራጭ ጋር ይውጣ፤ አርሲንክ የሚገለብጠው ያንን የወጣውን ፋይል ብቻ ይሁን። እኔ በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ እመልስና የመጨረሻውን የዕቃ መውጫ ቁጥር ከመጋዘን ጠባቂዋ ፓድ ጋር አመሳክራለሁ።