በልጆች ሩጫ ቀን ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ መስቀል አደባባይ ላይ የሮጠች ቀን ሰባት ዓመቷ ነበር። ሩጫው አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። እኛ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ቤት የተመለስነው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። አልቅሳ ነው የተመለሰችው። ያስለቀሳት ደግሞ ሩጫው ሳይሆን ጫማው፣ ብርዱና የእኛ ግርግር ነው። ከዚያ ወዲህ ታናሽ ወንድሟም ተጨምሮ በየጊዜው እንወጣለን።

ሕዳር ሲገባ ከተማው ሁሉ ሩጫ ሩጫ ይሸታል። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ነው። ልጆችም ቲሸርቱን ሲያዩ «እኔም ልሩጥ» ይላሉ። ጎረቤቶቼ «ምን እናዘጋጅ?» ብለው ሲጠይቁኝ ቀድሜ የምነግራቸው ምን ማድረግ እንደሌለባቸው ነው።

ከጫማ ልጀምር። ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ለልጄ አዲስ ጫማ የገዛንላት ቅዳሜ ከሰዓት፣ መርካቶ ወርደን ነው። ሩጫው እሑድ ጠዋት። ያውም «ስታድግ ይሆናታል» ብለን አንድ ቁጥር ጨምረን። ሩጫውን ጨርሳ ስትመጣ ታነክሳለች። ካልሲውን ሳወልቅላት ተረከዟ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቆዳ ተልጣ፣ ነጩ ካልሲ ቀልቷል። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አበበ ቢቂላን አስታውሱ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ በልምምድ የለመደውን ባዶ እግሩን መረጠ። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ ደግሞ አሸነፈ። ልጆቻችሁን በባዶ እግር አሩጡ እያልኩ አይደለም። የለመዱትን በመጨረሻው ቀን አትቀይሩባቸው ነው የምለው። ጫማ መግዛት ካለባችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ ግዙ። ሰፈር ውስጥ ሌባና ፖሊስ ይጫወቱበት። እኛ ስድስት ኪሎ ስለምንኖር ጃንሜዳ ወስደን እናስሮጣቸዋለን። ማሰሪያውንም ሁለቴ እሰሩት። ልጅ በሩጫ መሃል ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል ከኋላ የሚመጣው ይደርብበታል።

ሁለተኛው ምግብ ነው። እዚህ ላይ አያቶችን ማሳመን ከባድ ነው። እናቴ «ባዶ ሆዷን ልትሮጥ ነው እንዴ?» ብላ በቅቤና በማር የራሰ ጨጨብሳ አቀረበች። ፍቅር ነው፣ ምን ይባላል። ልጅቷ ግን ገና ግማሽ ሳትደርስ «ጎኔን ወጋኝ» ብላ ቆመች። ቅቤ የበዛበት ምግብ ከሆድ ቶሎ አይወርድም። አሁን ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀደም ብለን ቀለል ያለ ነገር እንሰጣቸዋለን፦ ዳቦ በማር፣ አንድ ሙዝ፣ ሻይ። በሶ የለመደ ልጅ ቀጠን ተደርጎ ቢበጠበጥለት ጥሩ ነው። ያልለመደ ግን የዚያን ቀን አይጀምር። ሩጫው ከሕዳር 15 በኋላ ከዋለ የነቢያት ጾም ገብቷልና የጾም ቤትም አይቸገርም፤ ይሄ ሁሉ የጾም ምግብ ነው። ጨጨብሳው ደግሞ እንዳይቀር፣ ከጾም ውጭ ከሆነ ስንመለስ ይበላል። እናቴም በዚህ ተስማምታለች። ውሃ ትንሽ ትንሽ እየተጎነጩ ይጠጡ። መነሻው ላይ ግማሽ ሊትር ማጋት ሽንት ቤት ፍለጋ ነው የሚያመጣው። ሽንት ቤት ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ይሂዱ። እዚያ ሰልፉ ረጅም ነው።

ልብስ ላይ የማየው ስህተት ልጁን በቲሸርት ብቻ ይዞ መውጣት ነው። የሕዳር ንጋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ልጆች መነሻው ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እየተንቀጠቀጠ የጠበቀ ልጅ እግሩ አይታዘዝለትም። ሹራብ ደርቡለት። ሹራቡን ማን እንደሚቀበለው ደግሞ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ሳይታሰብ ነው የምታቃጥለው። ኮፍያ ያዙ።

ደረት ላይ የሚለጠፈውን የሩጫ ቁጥር ማታ ቲሸርቱ ላይ አያይዙት። አልጋ ላይ ዘርግታችሁ፣ በአራት መርፌ ቁልፍ፣ በአራቱም ጥግ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ልጁ ቆሞ እያንቀላፋ ሊያያይዝለት ሞከረ። ቁጥሩን ከቲሸርቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ካናቴራውም ጋር ነበር ያያያዘው። ይህን ያወቅነው ሹራብ ልናለብሰው ስንታገል ነው። በዚያ እንቅልፍ ሰዓት መርፌ ከልጅ ደረት አጠገብ ባይቀርብ ይሻላል።

«ታክሲው እዚያው ያወርደናል» የሚለው ሐሳብም ብዙ ሰው ያስረፍዳል። በሩጫ ቀን ወደ አደባባዩ የሚወስዱት መንገዶች ይዘጋሉ። ሚኒባስም ሆነ ራይድ ራቅ ብሎ ነው የሚያወርዳችሁ። የራሳችሁን መኪና ብትይዙ ደግሞ የባሰ ነው። እኛ ከስድስት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ አካባቢ በታክሲ ወርደን ቀሪውን በእግር እንሄዳለን። ከቦሌ የምትመጡ ኦሎምፒያ ላይ፣ ከሜክሲኮ በኩል የምትመጡ ለገሃር ላይ ለመውረድ ተዘጋጁ። የእግር መንገዱን ሰዓት ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። እየሮጠ የደረሰ ልጅ ሩጫውን ደክሞ ነው የሚጀምረው።

ከሁሉ በላይ ግን እባካችሁ ይህንን ልብ በሉ። «አደባባዩ ላይ እንገናኝ» አትበሉ። አደባባዩ እኮ ሰፊ ነው፤ የሚሮጠውም ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሷል። ስልክም በዚያ ሕዝብ መሃል ኔትወርክ ይጨናነቃል። መገናኛችሁ የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን። የእኛ የእስጢፋኖስ ቤተክርስቲያን በር ነው። ድንኳን ወይም የቆመ መኪና ምልክት አታድርጉ፤ ስትመለሱ ላታገኙት ትችላላችሁ። ስልክ ቁጥራችሁን ልጁ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ከደረቱ ቁጥር ጀርባም ጻፉት።

ወንድ ልጄ አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያህል ጠፍቶብናል። ሩብ ሰዓቱ ዓመት ሆነብኝ። ያገኘነው ቆሎ ከምትሸጥ አንዲት እናት አጠገብ ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ ቁጥሩን ለሚያልፈው ሰው ሁሉ እያሳየ ነው። «ከጠፋህ አትሂድ፣ ባለህበት ቁም፣ ልጅ የያዘች እናት ወይም ፖሊስ ፈልግ» ብለነው ነበር። ሴትዮዋ ልጅ አዝላ ነበር። አንዱን ቃል ሳያዛንፍ ነው ያደረገው። እግዚአብሔር ይስጣትና ከአጠገቧ አላስነቃነቀችውም።

መነሻው ላይ ልጆቻቸውን ገፍተው ፊት የሚያሰልፉ ወላጆች አያለሁ። ሩጫው በዕድሜ የተከፈለ ቢሆንም በአንድ ምድብ ውስጥ እንኳን የጉልበት ልዩነቱ ብዙ ነው። ትንሹ ፊት ከቆመ ይገፈተራል። መሃል ወይም ጠርዝ ላይ ይሻለዋል። ልጆች ደግሞ ፊሽካው ሲነፋ ያላቸውን ጉልበት በሙሉ ይለቁታል፤ ትንሽ ቆይቶ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። «በርታ! ቅደማቸው!» የሚለው ጩኸታችን ነው የሚያባብሰው። እኛ ጃንሜዳ ላይ ያለማመድናቸው እያወሩ መሮጥን ነው። ማውራት ካቃታቸው ፈጥነዋል ማለት ነው፤ ቀስ ይላሉ። እጃቸውን ይዞ እየጎተቱ መጨረሻ ማድረስም ይቅር። ክንድ ያማል፣ ልጁም ይወድቃል።

የመጨረሻው ስህተት የእኔ ነው። ያን የመጀመሪያ ቀን ልጄ እያነከሰች ስትመጣ ከአፌ የወጣው ቃል «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚል ነበር። ፊቷ ሲከስም አይቻለሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን አንደኛ ስትጨርስ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትራኩን ዞሩ። እኔ ያን ቀን ልጄን እንደዚያ ልጠብቃት ይገባኝ ነበር።

አሁን «ምን አየሽ?» ነው የምላት። ወደ ቤትም አንጣደፍም። የአደባባዩ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ጫማ እናወልቃለን፣ ዳቦ ቆሎ እናወጣለን። ባለፈው ጊዜ ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች፣ አፏ ሙሉ እየቆረጠመች «እማዬ፣ ትልቁን ከበሮ የሚመታው ሰውዬ እኮ ስሜን ጠራኝ!» አለችኝ። ለካ ቁጥሯ ላይ ስሟን በትልቁ ጽፋው ነበር።