የድሮ የትራከር ሙዚቃ አልከፈት ሲል ወይም ተዛብቶ ሲጫወት፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በቤት ኮምፒውተር ሙዚቃ ሲሠሩ የነበሩ ወጣቶች ዋና መሣሪያቸው ትራከር የሚባሉት፣ አጫጭር የድምፅ ቀረጻዎችን (ሳምፕሎችን) በረድፍ እየደረደሩ ዘፈን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ነበሩ። አብዛኞቹ በሱቅ አልተሸጡም። ቅጂው በነፃ ይዞራል፤ የወደደው ተጠቃሚ ለደራሲው ገንዘብ ይልካል። ዘፈኖቹም እንዲሁ በፍሎፒ ከእጅ ወደ እጅ፣ በስልክ መስመር፣ ኋላም እንደ አሚኔት (እ.ኤ.አ. 1992) ባሉ ማከማቻዎች ተሰራጩ። ዛሬ የሚያስቸግረን ነገር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝውውር የተረፈ ነው። ስለዚህ ፋይሉን «ተበላሽቷል» ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት በየት በኩል እንደመጣ አጣሩ።

ፋይሉ አይከፈትም

አሚጋ በተባለው የዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተር ላይ «ሞድ» (mod) የሚለው የፋይል ዓይነት መለያ ከዘፈኑ ስም በፊት ይጻፍ ነበር። ዊንዶውስ የሚያየው ግን የስሙን መጨረሻ ነው። መለያውን ከፊት አንስታችሁ ከነጥቡ ጋር ወደ ኋላ አዙሩት፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ፋይሉን ባይቶችን በሚያሳይ ፕሮግራም ክፈቱት። መጀመሪያው ላይ «ፒፒ20» የሚል በላቲን ፊደል ካያችሁ፣ ፋይሉ በፓወርፓከር ተጨምቋል ማለት ነው፤ 880 ኪሎባይት ብቻ በሚይዝ ዲስክ ላይ ቦታ ለመቆጠብ የተለመደ ዘዴ ነበር። ኦፕን ኤምፒቲ የተባለው የዛሬ ትራከር ራሱ ይፈታዋል። በ1080ኛው ባይት ላይ «ኤም.ኬ.» የሚለው ምልክት ካለ ደግሞ 31 ሳምፕል የሚይዘው የተለመደው ዓይነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ 15 ሳምፕል ፋይሎች ምንም ምልክት ስለሌላቸው አንዳንድ ማጫወቻ አይቀበላቸውም፤ ሌላ ሞክሩ።

ዋናው የአሚጋ ፍሎፒ እጃችሁ ካለ የፒሲ ድራይቭ አያነበውም፤ አጻጻፉ የተለየ ነውና። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ እንዳትሉ! ግሪስዊዝል ወይም ክራዮፍላክስ የተባሉት መሣሪያዎች ከተራ የፒሲ ድራይቭ ጋር ተገናኝተው ይገለብጡታል።

ይጫወታል፣ ግን ከበሮው ጠፍቷል ወይም ድምፁ ይንሿሿል

እዚህ ላይ ሒሳብ ከጆሮ ይበልጣል። የባለ 4 ቻናል (አራት ድምፅ አብሮ የሚያሰማ) ሞድ ፋይል መጠን አስቀድሞ ይታወቃል፦ 1084 ባይት መግቢያ፣ ለእያንዳንዱ ፓተርን (የዘፈኑ አንድ ክፍል) 1024 ባይት፣ ከዚያ የሳምፕሎቹ ርዝመት ድምር። ርዝመቱ በፋይሉ ውስጥ በግማሽ ስለተመዘገበ ራሳችሁ ከባይቶቹ የምታነቡት ከሆነ በ2 አባዙት። 20 ፓተርንና 90,000 ባይት ሳምፕል ያለው ዘፈን 111,564 ባይት መሆን አለበት።

ከዚህ ካነሰ ስልኩ ተቋርጦ ወይም ዲስኩ ሞልቶ ቅጂው ጎድሏል። ሳምፕሎች የሚቀመጡት መጨረሻ ላይ በመሆኑ ዜማው ሙሉ ሆኖ የመጨረሻዎቹ መሣሪያዎች ብቻ ይጠፋሉ። ፋይሉ ከሚገባው በልጦ ድምፁ ከተንሿሿ ግን አንድ ሰው በኤፍቲፒ (በኢንተርኔት ፋይል መላኪያ ዘዴ) ሲያስተላልፍ ከባይናሪ ይልቅ የጽሑፍ ዘዴን መርጧል፤ ዘዴው የመስመር መጨረሻ የመሰለውን ባይት ሁሉ በሁለት ተክቶታል። ሁለቱንም ለመጠገን አትድከሙ፣ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። ተወዳጅ ዘፈን ብዙ ቦታ ስለተቀመጠ ሙሉው አይጠፋም።

ፍጥነቱ ልክ አይደለም

በዘፈኑ ረድፎች ውስጥ የሚጻፈው ኤፍ የሚለው ትእዛዝ ፕሮትራከር በተባለው የአሚጋ ትራከር ሁለት ሥራ አለው፦ ከ32 በታች ሲሆን በአንድ ረድፍ ስንት ቲክ (ትንሿ የጊዜ መለኪያ) እንዳለ ይወስናል፣ ከ32 ጀምሮ ደግሞ ቴምፖ ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበሩት ትራከሮች ሁሉንም በመጀመሪያው ትርጉም ነበር የሚወስዱት። ዘፈኑ በእነሱ የተሠራ ከሆነና ማጫወቻችሁ ይህን የድሮ አቆጣጠር የሚከተል ቪብላንክ የሚል ምርጫ ካለው አብሩት።

ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ካስቸገራችሁ ግን ብልሽት አይደለም። አሚጋ 1ኛና 4ኛ ቻናልን በግራ፣ 2ኛና 3ኛን በቀኝ ነው የሚያወጣው። የስቴሪዮ ልዩነቱን በማጫወቻው ላይ ቀንሱ። እኔ ትንሽ እተውለታለሁ፤ ጨርሶ ሲጠፋ ዘፈኑ ይደርቃል።

የዶስ ትራከር ይነሣል፣ ድምፅ የለም

ትራይተን የተባለው የስዊድን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ፋስትትራከር 2 ሳውንድ ብላስተር ወይም ግራቪስ አልትራሳውንድ ከተባሉት የድምፅ ካርዶች ጋር ይሠራል። የዶስ ፕሮግራሞችን በዛሬ ኮምፒውተር በሚያስኬደው ዶስቦክስ ውስጥ ሳውንድ ብላስተር ቅንብሩ ሳይነካ በአድራሻ 220፣ በአይአርኪው 7፣ በዲኤምኤ 1 ይገኛል፤ በትራከሩ ቅንብር ውስጥ እነዚህኑ አስገቡ። ግራቪስ ግን ተዘግቶ ስለሚመጣ በዶስቦክስ የቅንብር ፋይል መከፈት አለበት። ድምፁ ከተቆራረጠ ኮንትሮልና ኤፍ12 ተጭናችሁ ፍጥነቱን ጨምሩ።

ኢምፐልስ ትራከር ስቴሪዮ ዌቭ አያወጣም

የተበላሸ ነገር የለም። የኢምፐልስ ትራከር ደራሲ ጄፍሪ ሊም ፕሮግራሙን በነፃ ሰጥቶ፣ ዘፈኑን ወደ ስቴሪዮ ዌቭ (WAV የድምፅ ፋይል) የሚጽፈውን ክፍል ለከፈሉ ሰዎች ብቻ አስቀረ። ክፍያ የሚጠይቅ ሌላ ትራከር ውስጥም የሆነ ነገር ጎድሎ ካያችሁ መጀመሪያ አብሮት የመጣውን የማብራሪያ ጽሑፍ አንብቡ። የሊም ስምምነት አልዘለቀም፤ ያ ክፍል ተሰብሮ በይፋ ተሰራጨ፣ እሱም ከ2.14 ስሪት በኋላ ልማቱን አቆመ። ዛሬ ፋይሉን በሺዝም ትራከር ወይም በኦፕን ኤምፒቲ ከፍታችሁ በስቴሪዮ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። በድሮ ማብራሪያዎች ላይ ወዳለው የፖስታ አድራሻ ግን ገንዘብ አትላኩ፤ አሥርት ዓመታት አልፈውታል። መርዳት ከፈለጋችሁ ዛሬም ፕሮግራሞቹን እየጠገኑ ላሉት ስጡ።