ዓሣው ሲነጋጋ አፉን ወደ ላይ ከከፈተ

ስልኬ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጮኸ ወሬው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ዓሣዎቹ በሙሉ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ!» አንዲት የሐይቅ ከተማ እናት ደግሞ «ሱብሂ ሰግደው ዱዓ ይዘዋል» ብለውኛል። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስካሁን አልሰማሁም።

ኩሬው እንደማያፈስ፣ መግቢያው ላይ ወንፊት እንዳለ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። የማወራውም ስለ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፣ እዚህ ወሎ አብዛኛው ሰው የሚያረባው እሱን ስለሆነ።

ሲነጋ ያዛጋል፣ ረፋድ ላይ ይድናል

ፀሐይ ወጥታ ወደ 3 ሰዓት ሲሆን ዓሣው ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ታች ይመለሳል። ውሃው እንደ ተቀቀለ ጎመን አረንጓዴ ነው። የሞተ ካለ ትልልቁ ነው የሚሞተው፣ ጫጩቱ ይተርፋል።

ይሄ በሽታ አይደለም። አየር አጥሮታል። አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፣ ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ከታች የሚበሰብሰው ፍግና የተረፈ መኖም ድርሻውን ይወስዳል። ሌሊቱን ሲሻሙ አድረው ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ልክ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ሐምሌ ላይ ደመናው ሦስት አራት ቀን ሳይገለጥ ሲቀር ደግሞ አልጌው ቀንም በቂ አይሠራም። ያን ጊዜ ነው ስልኬ እረፍት የሚያጣው።

መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው። ክንዳችሁ ይበቃል። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አስገቡ። ክርናችሁ ሳይነካ መዳፋችሁ ከጠፋባችሁ አልጌው በዝቷል። ክርናችሁ ሰጥሞም ጣታችሁ ጥርት ብሎ ከታየ ውሃው ሳስቷል። የጎርፍ ጭቃ የገባበት ውሃ ላይ ግን ይሄ ሙከራ አይሠራም፣ እንዳትሸወዱ።

ኮምቦልቻ አጠገብ ያለ አንድ ወዳጄ 150 ካሬ ሜትር ኩሬ ላይ 1,500 ጫጩት ጨመረ። በካሬ 10 መሆኑ ነው! ያለ አየር መስጫ ማሽን 2፣ ቢበዛ 3 ነው የሚባለው። በዚያ ላይ የቢራ አተላ በርካሽ ስላገኘ በማዳበሪያ ጆንያ እየደፋ ያበላቸዋል። ስደርስ ሁለት ወንድሞቹ «አየር እንስጠው» ብለው እስከ ወገባቸው ገብተው በዱላ ያማስላሉ። የሸተተኝን አልረሳውም፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ነበር። ጥቁሩን ጭቃ ቀስቅሰው ከታች የተኛውን መርዝ ዓሣው አፍንጫ ላይ አመጡት። ሲያዛጋ የነበረው ዓሣ በጎኑ መንሳፈፍ ጀመረ። ውጡ ብዬ ጮህኩ። ጭቃውን አትንኩ። በዱላም፣ በእግርም፣ በመረብም።

ከዚያ ባለ 2 ኢንች ፓምፕ አስነሳን። ከላይኛው ውሃ እየሳብን በሚስማር በበሳሳነው ባልዲ በኩል ከሰው ቁመት ላይ መልሰን እናፈሰዋለን፣ እንደ ዝናብ እየተበተነ እንዲወርድ። አዲስ የተገዛው ቱቦ አሥር ደቂቃ ሳይሠራ ተተረተረ። እንዲህ ያለ ቀሽም ቱቦ የሚሸጥ ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው አላውቅም። የባጃጅ የውስጥ ጎማ ቀድደን አሰርነውና ቀጠልን። ፀሐይ ጠንከር እስክትል አላቆምንም፣ ከግማሽ በላዩ ተረፈ።

የእናንተም መፍትሄ ይኸው ነው። ንጹሕ ውሃ ካለ ከላይ እየረጫችሁ አስገቡ፣ የታችኛውን ውሃ በመውጫው በኩል በዝግታ ልቀቁ። ሩቡን ያህል ይበቃል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። መኖና ፍግ ለሁለት ሦስት ቀን አቁሙ። ከዚያ በኋላ መኖ በጠዋት ሳይሆን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ስጡ። ልኩም በዓይን አይደለም። 500 ዓሣ እያንዳንዱ 100 ግራም ቢመዝን 50 ኪሎ ነው፣ የዚህ 3 በመቶ በቀን 1.5 ኪሎ ይሆናል። በ20 ደቂቃ ያልተበላ መኖ ትርፍ ነው።

ደግሞ እባካችሁ ቴትራሳይክሊን ከፍታችሁ አትበትኑ! አየር ላጠረው ዓሣ እንክብል ምን ያደርግለታል? ኖራም እንዲሁ ነው፣ «ያጠራዋል» ተብሎ የተቃጠለ ኖራ ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥ የደፋ ሰው አይቻለሁ። ዓሣው በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ቀኑን ሙሉ ካዛጋስ?

ረፋድ ላይ ካልተመለሰ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ አሞኒያ (ከዓሣው ኩስና ከተረፈ መኖ የሚወጣ መርዝ) በዝቷል፣ ወይ መተንፈሻ ስንጥቡ ላይ ጥገኛ ተቀምጧል። ለአሞኒያው መኖ አቁሞ ውሃ መቀየር ነው። ትንሹም ትልቁም በአንዴ ካለቀ፣ እንቁራሪቱም አብሮ ከሞተ ግን ፀረ ተባይ ገብቷል። የመርሳና የቆቦ አትክልት አምራቾች፣ የመርጫ ዕቃችሁን ቦዩ ውስጥ አትጠቡ!

ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለበት

ሻጋታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመረብ ተፍጎ ቆዳው ከተላጠ ወይም ብርድ ከመታው በኋላ ነው። በፕላስቲክ ባልዲ 20 ሊትር ውሃ ላይ 200 ግራም የአፋር ጨው አሟሙታችሁ ዓሣውን ለ10 ደቂቃ ያህል አስገቡት። አጠገቡ ቁሙ፣ ከተገለበጠ ወዲያው አውጡት። በባህር ሳልሞን የሚያረቡት የስንጥብ ጥገኛ ሲይዝባቸው ዓሣውን ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። የእነሱ የእኛ ተቃራኒ ነው፣ ስለዚህ ለባህር ዓሣ የተጻፈውን መጠን እንዳለ አትቅዱ።

አላድግ ካለ

ወንድና ሴቱ ተቀላቅሎ ገና ጣት ሲያክል ይዋለዳል፣ ኩሬው በጫጩት ይሞላል። ወንዱን መለየት ወይም ጥቂት አምባዛ የሚባለውን ዓሣ መጨመር ነው፣ አምባዛው ጫጩቱን ይለቅምላችኋል። ብቻ አምባዛው ከቆሮሶው አነስ ያለ ይሁን፣ አለዚያ እናቲቱንም ይጨምራታል። ደሴ ላይ ሆናችሁ አላድግ አለኝ ለምትሉኝ፦ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ። ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ይቀንሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሰጣችሁት መኖ ታች ወርዶ ይበሰብስና የመጀመሪያውን ችግር ይወልዳል።

ጫጩቱ በመጣ ማግስት ካለቀ

ከረጢቱን ቀድዳችሁ በአንዴ ደፍታችሁታል ማለት ነው። ከረጢቱ እንደታሰረ ለግማሽ ሰዓት ያህል ኩሬው ላይ ይንሳፈፍ። ከዚያ የኩሬውን ውሃ በጣሳ በጣሳ ጨምሩበት፣ ዓሣው ራሱ ዋኝቶ ይውጣ። አዲስ የሲሚንቶ ኩሬ ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶው ራሱ ይገድላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ እየሞላችሁ አፍስሱት፣ መጀመሪያ አምስት ጫጩት አስገብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ ነው የምታመጡት።