አዛውንቶችን ለጥናት ሲጋብዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጤናማ እርጅና ላይ የመመረቂያ ጥናት ለመሥራት አስበዋል? ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ይዩዋቸው።

መጠይቁ ታትሞ ካለቀ በኋላ አዛውንቶቹን መጥራት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ብዙዎቹ ሌሎች ከዚሁ ይወለዳሉ። «እማማ፣ ስፖርት ይሠራሉ?» ሲባሉ መልሱ ሳቅ ነው። «እኔ አሮጊቷ ደሞ ምን ስፖርት!» መረጃ ሰብሳቢው «አይሠሩም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። እኚሁ እናት ግን ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ። ሁዳዴ ሲገባ ስግደቱ አለ። ቅዳሜ ዘንቢል ይዘው ከገበያ ዳገቱን ይወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዛውንቶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እሳቸው ይህን ሳያልፉት አይቀሩም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቁጭ ብለው የሚውሉ ሆነዋል። ጥያቄዎቹ ገና ረቂቅ ሳሉ ከዕድሩ ሦስት አራት አዛውንት ጋብዞ፣ ቡና አስፈልቶ «ይሄ እንዴት ነው? ይገባል ወይ?» ማለት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የትውልድ ቀን ካልነገራችሁኝ ብሎ ድርቅ ማለት። የልደት ካርድ የሌላቸው ብዙ ናቸው። መታወቂያው ላይ ያለው ዓመትም በግምት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። «የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር?» «ንጉሡ በ1967 ሲወርዱ አግብተው ነበር?» እያሉ ቢጠይቁ የተሻለ ግምት ይገኛል። ጨዋታውም ይደምቃል።

ልኬቱን ፈተና ማስመሰል። የታወቀ የአረማመድ ልኬት አለ፦ ከወንበር መነሳት፣ 3 ሜትር መራመድ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ። የሚፈለገው የዘወትር እርምጃቸው ነው። አባባ ግን ሰዓት ሲያዝ ሲያዩ ውድድር ይመስላቸዋል። ልጆቹ ደግሞ «አይዞዎት፣ ቶሎ ቶሎ!» ይላሉ። ልኬቱ እዚያው ተበላሸ፤ ይባስ ብሎ መውደቅም አለ። መጀመሪያ ራስዎ ሄደው ያሳዩ። የሚጎተት ነጠላ ካለ ይሰብሰብ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ላይም «ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይቁጠሩ» የሚለውን የትኩረትና የስሌት ፈተና ዝም ብሎ መጫን የሚለካው ትምህርትን ነው።

ቀኑን በቢሮ ካላንደር ብቻ መቁረጥ። ዓርብ ጠዋት በባዶ ሆድ ደም ወስዶ፣ ከዚያ ለሚጾሙ እናት ወተት በብስኩት ማቅረብ! በረመዳንም እንዲሁ ነው። የዕድር ስብሰባና የለቅሶ ቀንም አለ። የታክሲ ሒሳቡም ከጥናቱ በጀት ይውጣ።

ፈቃዱን ከልጅ መቀበል። «እሺ ብለዋል፣ እኔ ልፈርም» የሚል ልጅ ሞልቷል። አባባ ራሳቸው ሰምተው፣ ጠይቀው ይወስኑ። ማንበብ ካልቻሉ ከጥናት ቡድኑ ያልሆነ ምስክር ባለበት ይነበብላቸውና በጣታቸው ያትሙ። እምቢ የማለት መብታቸው ደግሞ የይስሙላ አይሁን።

«ከ75 በላይ አይገባም» ማለት። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱትንም ጨምረው ካስቀሩ፣ የቀሩት ጠንካሮቹ ብቻ ናቸው። ያኔ ስለ እርጅና ምን ተጠና?

መረጃውን ይዞ መጥፋት። አዛውንቶቹ «እነዚያ ልጆች የት ገቡ?» ማለታቸው አይቀርም፤ የሚቀጥለው አጥኚ ሲመጣም በር ይዘጋበታል። የግፊታቸውን ቁጥር በዚያው ቀን፣ በትልቁ ጽፈው ይስጧቸው። ከፍ ብሎ የተገኘባቸው የት እንደሚላኩ ግን ሥራው ሳይጀመር ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ይነጋገሩበት።